የአባቴ ጣፊያ እና ዐሥር ዙር ጨረር፦ ሐረር ላይ ያገኘነው ሕክምና

ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ያለበት ሰው ጨረር ሲታዘዝለት ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ስሜቶች በአንዱ ይያዛል። ወይ «እንግዲህ አለቀለት» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ ደግሞ «ጨረሩ በሽታውን ከሥሩ ነቅሎ ያጠፋዋል» ብሎ ከሚገባው በላይ ተስፋ ያደርጋል። በእኛ ቤት ሁለቱም ተነግረዋል፤ የመጀመሪያውን አክስቴ ተናገረች፣ ሁለተኛውን እኔ። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። ይህን ግምገማ የምጽፈው አባቴ በ2017 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ሐረር ከተማ ውስጥ ስለወሰደው የጣፊያ ጨረር ሕክምና ነው፤ ሕክምናው ምን ሊያደርግ እንደሚችልና ምን ሊያደርግ እንደማይችል አስቀድሞ የሚነግረን ሰው ባለማግኘታችን ብዙ ሌሊት ያለ እንቅልፍ ስላለፈ፣ ከእኛ ቀጥሎ እዚያ በር ላይ ለሚቆም ቤተሰብ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አባቴ 71 ዓመቱ ነው። በጀጎል ግንብ ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው፣ ስሙንም ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ባገኘው መንገድ ላይ ከ40 ዓመት በላይ ልብስ ሲሰፋ ኖሯል። እኔ የምሠራው ድሬዳዋ ስለሆነ በሕክምናው ጊዜ ሳምንቱን በሁለት ከፍዬ በደንገጎ ዳገት ስወጣና ስወርድ ነበር። ስለ አባቴ ስጽፍ «አለ» እንጂ «አሉ» የማልለው አክብሮት አጥቼ አይደለም፤ ሐረርና ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይዘወተርም፣ እርሱም አንቱ ስለው ይከፋዋል።

በሽታው የታወቀው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ድሬዳዋ እኔ ጋ መጥቶ ሳለ ሌሊት ሌሊት ያልበው፣ ክብደቱም ይቀንስ ነበር፤ ከግራ ጎኑ በኩልም የሚከብድ ነገር ይሰማው ጀመር። የወሰድኩት አንድ የግል ክሊኒክ ዘንድ ነበር። ድሬዳዋ ወባ የማይለያት ከተማ ስለሆነች፣ ጣፊያው ያበጠ ሰው ሲገባ ሐሳብ ወደ ወባ መሄዱ አይገርምም። የሚያሳዝነው ግን በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ሲሰጠው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሙሉ የደም ቆጠራ አለመታዘዙ ነው። ቆጠራው ውድ ምርመራ አይደለም፣ ላብራቶሪውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። በመጨረሻ ሌላ ሆስፒታል ሄደን ቆጠራው ሲሠራ ነጭ የደም ሕዋሱ 86 ሺህ ሆኖ ተገኘ፤ የጤነኛ ሰው ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ አካባቢ ነው። ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ሲመለስ ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ መሆኑ ተረጋገጠ።

ይህ የበሽታ ዓይነት በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የሚያጠቃና ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። ሰውነትን ከተላላፊ በሽታ የሚከላከሉት ቢ ሊምፎሳይት የተባሉት ሕዋሳት በጊዜያቸው መሞት ሲገባቸው ሳይሞቱ እየተጠራቀሙ፣ በደም፣ በመቅኒ፣ በእጢዎችና በጣፊያ ውስጥ ይከማቻሉ። ከሁሉም በላይ ለመቀበል የከበደን ሐኪሙ «ለጊዜው መድኃኒት አልሰጥም፣ በየሦስት ወሩ እየመጣችሁ እናያለን» ያሉት ነገር ነበር። ካንሰር አለ ተብሎ እንዴት ዝም ይባላል ብለን ከሐኪሙ ጋር እስከ መጨቃጨቅ ደርሰናል። ኋላ ላይ እንደተረዳሁት ግን ምልክቱ እምብዛም የማያስቸግረው ሕመምተኛ ቶሎ መድኃኒት ስለጀመረ ዕድሜው እንደማይረዝም በጥናት የታየ፣ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት አካሄድ ነው። በሽታው የደረሰበትን ደረጃ ለመለየት የሚጠቅመው መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1975 ካንቲ ራይ በተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የወጣ ሲሆን፣ የሚጠይቀውም የሐኪም እጅና የደም ቆጠራ ብቻ ነው። እጢ አብጧል ወይ፣ ጣፊያ ወይም ጉበት አድጓል ወይ፣ ደም አንሷል ወይ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት የተባለው የደም ክፍል ከ100 ሺህ በታች ወርዷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። እንደኛ ላለ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በአራተኛው ዓመት ክሎራምቡሲል የሚባል እንክብል ተጀመረለት፤ ለሁለት ዓመት ያህልም በደንብ ጠቀመው። ከዚያ በኋላ እጢዎቹ ሲቀንሱ ጣፊያው ግን ማደጉን ቀጠለ። ጣፊያ በደህናው ጊዜ ከግራ የጎድን አጥንት ሥር ተሸሽጎ በእጅ የማይዳሰስ አካል ነው። የአባቴ ግን ከጎድን አጥንቱ ጠርዝ ወደ ታች 16 ሴንቲ ሜትር ወርዶ እምብርቱን አልፎ ነበር። ጨጓራውን ስለሚጫነው ሦስት ጉርሻ ጎርሶ «ጠገብኩ» ይላል፤ ይህን ዘመድ ሁሉ «ጨጓራ ነው» እያለ ተልባና አብሽ ያመጣለት ነበር። በግራ ጎኑ መተኛት አልቻለም። ይልቁንም ያዘነው ስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ማለት ስላቃተው ነው፤ ጎንበስ ሲል ጣፊያው በጎድን አጥንቱና በጭኑ መካከል እየተጨነቀ ትንፋሽ ያሳጥረዋል።

አባቴ ይህን ሁሉ በራሱ መንገድ መዝግቦታል። የደንበኞቹን ልክ በሚጽፍበት ሰማያዊ ደብተር የመጨረሻ ገጾች ላይ፣ አንገቱ ላይ በሚያንጠለጥለው ሜትር በየእሑዱ ጠዋት የሆዱን ዙሪያ እየለካ ቀኑንና ቁጥሩን ያሰፍር ነበር። ጥር ላይ 97፣ መጋቢት ላይ 100፣ ሚያዝያ ላይ 103 ሴንቲ ሜትር። እጁና እግሩ እየሰለለ ሆዱ ብቻ እያደገ እንደነበር ከዚያ ደብተር የበለጠ ያሳየን ወረቀት የለም። የካንሰር ሐኪሙም ደብተሩን ገልጠው ሲያዩ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ፣ ከዚያም ቁጥሮቹን ወደ ካርዱ ገለበጡ።

በመድኃኒት ያልተመለሰ ጣፊያ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል። አባቴ ግን የልብ ድካም አለበት፣ ፕላትሌቱም 92 ሺህ ነበር፤ በዚህ ላይ በሽታው ራሱ የመከላከል አቅሙን ስላዳከመው ጣፊያ ማውጣት ለኢንፌክሽን ይበልጥ ያጋልጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው ኢብሩቲኒብና በ2016 የተከተለው ቬኔቶክላክስ የበሽታውን ሕክምና እንደቀየሩት ሐኪሙ አልደበቁንም፤ ነገር ግን ለእኛ በዋጋም በአቅርቦትም የሚደረስባቸው አልነበሩም። የቀረው ጨረር ነበር። ሐኪሙ ያሉትን እንዳለ ላስፍረው፤ «ይህ በሽታውን አያድነውም። ጣፊያውን ያሳንሰዋል፣ ሕመሙን ያቀልለታል፣ ለስንት ወር እንደሆነ ግን ቃል አልገባም»። ዛሬ ሳስበው ከሕክምናው ሁሉ የተሻለው አገልግሎት ያ ንግግር ነበር። አባቴም «እንግዲያው ጎንበስ ብዬ ክር ካስገባሁ ይበቃኛል፣ እናድርገው» አላቸው።

ጨረር ለደም ካንሰር ሲባል እንግዳ ነገር ይመስላል። እኔም «ደም በመላ ሰውነት እየዞረ ጨረር አንድ ቦታ ላይ ቢያርፍ ምን ይፈይዳል?» ብዬ ጠይቄአለሁ። ነገሩ ግን ዛሬ ካሉት የካንሰር መድኃኒቶች አብዛኞቹን ይቀድማል። ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1895 ሲሆን፣ ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላ በ1903 ኒኮላስ ሴን የተባሉ የቺካጎ ቀዶ ሐኪም የደም ካንሰር ያለበትን ሰው ጣፊያ በኤክስሬይ አክመው መሻሉን ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕት ዓመት ሥር ለሰደደ የደም ካንሰር የሚሰጠው ዋና ሕክምና ጨረር ነበር። በ1936 ደግሞ ጆን ሎውረንስ የተባሉ ሐኪም ካሊፎርኒያ ውስጥ ጨረር አመንጪ ፎስፎረስን ለሕመምተኛ መስጠት ጀመሩ። ዘመኑ የተለወጠው እንክብሎች ሲመጡ ነው፤ በ1968 እንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት፣ ማይሎይድ በሚባለው ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ላይ ቡሰልፋን የተባለው እንክብል ከጣፊያ ጨረር የተሻለ ዕድሜ እንደሚሰጥ አሳየ። ስለዚህ ጨረር ዛሬ ከዋናው መድረክ ወርዶ እንክብል ያልመለሰውን ጣፊያ የሚያሳንስ፣ የሚጫን እጢን የሚያቀልል ረዳት ሆኗል።

የሚሠራበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ሊምፎሳይት ከሰውነት ሕዋሳት ሁሉ ለጨረር በጣም ከሚሸነፉት አንዱ ነው። ብዙዎቹ የካንሰር ሕዋሳት ጨረር ከነካቸው በኋላ የሚሞቱት ለመከፋፈል ሲሞክሩ ነው፤ ሊምፎሳይት ግን መከፋፈልን ሳይጠብቅ በሰዓታት ውስጥ ራሱን በራሱ ያጠፋል። በዚህም ምክንያት የሚያስፈልገው መጠን እጅግ ትንሽ ነው። የጨረር መጠን የሚለካው ግሬይ በሚባል መለኪያ ሲሆን፣ ለጡት ወይም ለማሕፀን በር ካንሰር ከሰውነት ውጭ በሚሰጥ ጨረር በድምሩ ከ40 እስከ 50 ግሬይ መስጠት የተለመደ ነው። ለአባቴ የታዘዘው በየዙሩ ግማሽ ግሬይ፣ በዐሥር ዙር በድምሩ 5 ግሬይ ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር አስቀድሞ ያስረዳን ሰው ቢኖር ኖሮ አክስቴ «ጨረሩ ይፈጀዋል» እያለች ባላለቀሰች ነበር።

ወደ አገልግሎቱ ልግባ። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ጨረር የሚገኘው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከሐረር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ወር ሙሉ ወረፋ መጠበቅ ማለት ነው። በምሥራቁ ክፍል ይህን ሕክምና ማግኘት መቻሉ ብቻውን ለአባቴ ዓይነት ሰው የመወሰኛ ነጥብ ነበር። «አዲስ አበባ ሂድ» ቢባል እንደማይሄድ አውቃለሁ፤ ከጀጎል ወጥቶ ሌላ ከተማ ውስጥ የሳምንታት አልጋ ይዞ ሲተኛ ማሰብ አልችልም። እዚሁ ግን ጠዋት ከቤቱ በባጃጅ ሄዶ ለምሳ ይመለስ ነበር።

መሣሪያው ሊኒየር አክስለሬተር የሚባለው ነው። ቀደም ሲል የነበረው ኮባልት 60 ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በውስጡ የሚይዝ ሲሆን፣ በየአምስት ዓመት ከሦስት ወሩ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ የሕመምተኛው የመተኛ ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። አክስለሬተሩ ግን ኤሌክትሮኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል አስፈንጥሮ ከተንግስተን ብረት ጋር በማጋጨት ጨረሩን እዚያው ይፈጥረዋል፤ ሲጠፋ ጨረርም የለም። ይህን የምጠቅሰው ጎረቤቶቻችን «ልጆቹ አጠገቡ አይቀመጡ» ብለው መክረውን ስለነበር ነው። አባቴ ከክፍሉ ሲወጣ በሰውነቱ ላይ ምንም ጨረር ይዞ አይወጣም፤ የልጅ ልጁን አቅፎ መተኛት ይችላል፣ ተኝቷልም።

የመጀመሪያው ቀን ሕክምና የለም፣ ልኬት ብቻ ነው። አባቴን ሲቲ ስካን ላይ በጀርባው አስተኝተው፣ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አድርገው፣ የጣፊያውን ጠርዝ በሥዕሉ ላይ ካዩ በኋላ ሆዱ ላይ በቀለም መስቀለኛ ምልክቶች አደረጉ። ባለሙያው ወጣት ነበር፣ አነጋገሩም የአዲስ አበባ፤ «አባባ፣ እባክዎ እንዳይነቃነቁ» እያለ በአንቱታ ያነጋግረው ነበር። አባቴ ምልክቱ ሲሠመር ቀና ብሎ ካየ በኋላ «አንተም እንደኔው ነህ፣ ጠመኔህ ብቻ ነው የተለየው» አለው። ከዚያ በኋላ በየዙሩ ሁለቱ እንደ ሙያ ባልደረቦች ነበሩ። ምልክቶቹ እስከ መጨረሻው ዙር መጥፋት ስለሌለባቸው ያን የሆድ ክፍል በሳሙና ማሸት ተከልክሏል፤ እኛም እቤት ሰውነቱን የምናጥበው በእርጥብ ጨርቅ ዙሪያውን እየዞርን ነበር።

ሕክምናው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይሰጣል። የክፍሉ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ በሩ ሲዘጋ ሕመምተኛው ብቻውን ይቀራል፣ ባለሙያዎቹ ግን ከውጭ በካሜራ ያዩታል፣ በድምፅ ማጉያም ያነጋግሩታል። አስተካክሎ ማስተኛቱ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይወስድ ይሆናል፤ ጨረሩ ራሱ አንድ ደቂቃ አይሞላም። አባቴ በመጀመሪያው ቀን ሲወጣ «ምንም አላደረጉኝም እኮ፣ አልተጀመረም» ብሎ ሊመለስ ነበር። አያምም፣ አይሞቅም፣ አይታይም።

ከጨረሩ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው ደሙ ነው። ጣፊያ ውስጥ ሁልጊዜ ብዙ ደም ስለሚያልፍ፣ ጨረሩ ጣፊያው ላይ ቢያርፍም ነጭ የደም ሕዋስና ፕላትሌት በመላ ሰውነት ሊቀንስ ይችላል፤ አንዳንድ ሰው ላይ በፍጥነትና በጣም ይወርዳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የደም ቆጠራ ይሠራል፤ ሐኪሙ ውጤቱን ሳያይ መሣሪያው አይበራም። ይህ ሥርዓት አንድም ቀን ሳይዘለል መፈጸሙ ለአገልግሎቱ የምሰጠው ትልቁ ምስጋና ነው። ከስድስተኛው ዙር በኋላ የአባቴ ፕላትሌት ከ92 ሺህ ወደ 54 ሺህ ወረደ፤ የጨረር ሐኪሟም ሕክምናውን አቆመችው። እኛ ደንግጠን «ጀምሮ ማቋረጥ አይጎዳውም ወይ?» ብለን ብንለምናትም «የምንቸኩልበት ነገር የለም፣ ጣፊያው በተሰጠው እየቀነሰ ነው» ብላ ወረቀቱን መለሰችልን። ከስምንት ቀን በኋላ 71 ሺህ ሲደርስ የቀሩት አራት ዙሮች ተሰጡት። በዚያው ጊዜ ጣፊያው ስላነሰ የሆዱ ምልክቶች እንደገና ተለክተው ተሠመሩ፤ ያለዚያ ጨረሩ ጣፊያው የለቀቀውን ቦታ፣ አንጀትና ጨጓራን ይመታ ነበር።

የጎደለውን ልናገር። ቆጠራው የሚሠራበት ላብራቶሪ ውጤት የሚሰጠው ረፋዱ ላይ ሲሆን፣ ሕመምተኛ ደም ለመስጠት ማለዳ መምጣት አለበት። ስለዚህ የአንድ ደቂቃ ሕክምና ለመውሰድ አራት ሰዓት መቀመጥ ግድ ይሆናል፤ መቀመጫዎቹ ደግሞ መደገፊያ የሌላቸው አግዳሚዎች ናቸው። ጣፊያው ላበጠ ሰው ያለ መደገፊያ መቀመጥ ሥቃይ ነው። እኛ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ከቤት ትራስ ይዘን እንሄድ ነበር። ሌላው፣ የሚሰጥ የጽሑፍ ማብራሪያ የለም። ሁሉም ነገር በቃል ይነገራል፣ በቃልም ይረሳል። ሐረር በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛና በሶማልኛ የምትናገር ከተማ ናት፤ ከአጠገባችን ትቀመጥ የነበረች ከገጠር የመጣች እናት በኦሮምኛ ካልሆነ አትግባባም ነበር፣ ምልክቱ እንዳይታጠብ የተነገራትንም ሳትረዳ ታጥባው መጥታ ልኬቱ ከመጀመሪያው እንዲሠራ ሆኗል። በአራት ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ብዙ ነገር ያድን ነበር። የመድን ካርዳችን ዋናውን ወጪ ቢሸፍንልንም፣ የትኛው ምርመራ እንደሚሸፈንና የትኛው እንደማይሸፈን ያወቅነው ገንዘብ ክፍያ መስኮት ላይ ደርሰን ነበር።

ውጤቱ ከጠበቅነው በፍጥነት መጣ። በአራተኛው ዙር ማግሥት ቅዳሜ አባቴ ግማሽ እንጀራ በልቶ ጨረሰ። እናቴ ሳህኑን አንሥታ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ባለፉት አምስት ወራት ያ ሳህን ባዶ ሆኖ ተመልሶ አያውቅም። ስምንተኛው ዙር ላይ በግራ ጎኑ ተኛ። ሕክምናው ሲያልቅ ጣፊያው ከ16 ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ነበር፤ ከአንድ ወር በኋላ በተደረገው ክትትል 8 ሆኗል። ነጭ የደም ሕዋሱ ከ118 ሺህ ወደ 41 ሺህ ወረደ፤ አንገቱ ሥር የነበሩት እጢዎች ጨረር ሳይነካቸው ጥቂት ማነሳቸውን ሐኪሟ «አንዳንዴ ይታያል» ብላናለች። ፕላትሌቱ ከወር በኋላ 98 ሺህ ደረሰ፤ ያበጠ ጣፊያ ፕላትሌትን አፍኖ ስለሚይዝ ሲያንስ ቁጥሩ ማገገሙ የሚጠበቅ ነው። ሰማያዊው ደብተር ላይ ሰኔ አንደኛው እሑድ 96 ይላል።

ያስከተለው ጉዳት ከፈራነው ያነሰ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከባድ ድካም ነበረበት፣ ከሰዓት በኋላ ተኝቶ ይውላል። ሁለት ቀን ማቅለሽለሽ ነበረው፤ ጨረሩ የጨጓራውን ጠርዝ ስለሚነካ ነው ተብሎ ከሕክምናው በፊት የሚወሰድ ክኒን ታዘዘለት፣ ማቅለሽለሹም ተወው። ጠጉሩ አልረገፈም፣ ቆዳው አልተቃጠለም። ፕላትሌቱ በወረደበት ሳምንት ምላጭ እንዳይነካ፣ መርፌና መቀስም እንዳይዝ ተከልክሎ ነበር። ለልብስ ሰፊ ይህ ከድካሙ ይብሳል፤ ያን ሳምንት ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ሌሎች ሲሰፉ ሲያይ ነው የዋለው።

ሕክምናው ያላደረገውንም በግልጽ መጻፍ አለብኝ። አባቴ አልዳነም። በሽታው በመቅኒው ውስጥ አለ፤ የደም ማነሱ አልተስተካከለም፣ ለኢንፌክሽን መጋለጡም እንዳለ ነው። ጣፊያው ከወራት በኋላ እንደገና ሊያድግ ይችላል፤ ያኔ ሕክምናው ሊደገም ቢችልም ደሙ የሚችለው እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ «ጨረር ወስዷል» ተብሎ ክትትል ማቆም ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ከእኛ ጋር ቀጠሮ ከነበራቸው አንዱ ሰው ሕመማቸው ሲቀልላቸው «ድኛለሁ» ብለው በሰባተኛው ዙር እንደቀሩ ሰምቻለሁ። ሐሳቤ እስከ ዛሬ ከእርሳቸው ጋር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልለይ ማለፍ አልፈልግም፤ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ሁሉ አንድ አይደለም። ማይሎይድ የሚባለው ዓይነት ያለበት ሰው ጣፊያው ከአባቴም በላይ ሊያብጥ ይችላል፣ ነገር ግን መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ጨረር አይደለም። ያ በሽታ ፊላዴልፊያ ክሮሞሶም በሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1960 በታወቀው የዘረ መል ለውጥ የሚመጣ ሲሆን፣ በ2001 የተፈቀደው ኢማቲኒብ የተባለው እንክብል ለውጡ የሚፈጥረውን ፕሮቲን ለይቶ ያግዳል፤ በየቀኑ በመዋጥ ብቻ ለዓመታት ጤነኛ ሆነው የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ዘመዱ ጣፊያው ያበጠበት ሰው «የእነ እገሌ አባት በጨረር ተሽሏቸዋል» ብሎ ወደ ጨረር ከመሮጡ በፊት የበሽታውን ዓይነት በምርመራ ማወቅ አለበት።

የበሽታው ዓይነት ታውቆ፣ እንክብሉ አልመለሰውም ተብሎ፣ ቀዶ ሕክምናውም አደገኛ የሆነበት ሰው ካለ ግን ይህን ሕክምና ያለ ፍርሃት እንዲወስድ እመክራለሁ። ስትሄዱ የቀድሞ የደም ቆጠራ ወረቀቶችን በሙሉ በቀን ቅደም ተከተል ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የሚያየው የዛሬውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ነው። በድምሩ ስንት ግሬይ እንደታዘዘ፣ ፕላትሌት ስንት ሲደርስ ሕክምናው እንደሚቋረጥ ጠይቃችሁ ጻፉ። ትኩሳት ቢመጣ ሌሊትም ቢሆን የት እንደምትሄዱ ሳታውቁ ከግቢው አትውጡ፤ የመከላከል አቅሙ ለወረደ ሰው ትኩሳት እስከ ጠዋት አይጠበቅለትም። ትራስና የሚጠጣ ውኃም ያዙ።

ይህን በምጽፍበት ጊዜ ሕክምናው ካለቀ አምስተኛ ወሩ ነው። አባቴ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል መኪናው ላይ ይቀመጣል፤ ሙሉ ልብስ አይሰፋም፣ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል። ባለፈው እሑድ ሜትሩን ተቀብዬ የለካሁት እኔ ነኝ፤ 97 ነው፣ ከባለፈው ወር አንድ ይበልጣል። «ጻፊው» አለኝ፣ ጻፍኩት። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ነው፤ ደብተሩን ይዘን እንሄዳለን።